ጣሳው ውስጥ ያልነበረው ስም

እናቴ ለአንድ ዓመቱ አገልግሎት ስትሸኘኝ የመረቀችኝ ምርቃት አጭር ነበር። «እግዚአብሔር አፍሽን ይጠብቅልሽ» አለችኝ። የሌላው እናት ልጄን ከክፉ ሰው ጠብቅልኝ ብላ ትጸልያለች፤ የእኔዋ ክፉው ከየት እንደሚመጣ ታውቃለች።

ለጽድቅ ብቻ ብዬ ሄድኩ ብዬ አልዋሽም። ትምህርቴን ከጨረስኩ ስምንት ወር ሆኖኝ ሥራ አላገኘሁም፤ ቤት ውስጥም ከታናሽ እህቴ ጋር በአንድ መስታወት እየተጋፋን ተሰለቻችተናል። የቤተ ክርስቲያናችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «አምስት ወጣቶች፣ አንድ ቤት፣ አንድ ዓመት። ቀን ማገልገል፣ ማታ አብሮ መጸለይና አብሮ መብላት» የሚል ወረቀት አየሁ። አብሮ መብላት የሚለው ጋ ስደርስ ወሰንኩ።

ቤቱ ከታች ወጥ ቤትና ረጅም ጠረጴዛ ያለበት ክፍል፣ ከላይ መኝታ ቤቶች፣ ከጓሮ ልብስ ማጠቢያና አንዲት መጋዘን አለው። መታጠቢያ ቤቱ ግን አንድ ብቻ ነው፤ ለስድስት ሰው። ክርስቲያናዊ ፍቅር የሚፈተነው በመከራ ዘመን ነው ሲባል እሰማ ነበር። እኔ ያየሁት ሁልጊዜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በዚያ በር ፊት ለፊት ሲፈተን ነው።

የቤቱ ኃላፊ እትዬ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አዋላጅ። የሰፈሩን ግማሽ ሕዝብ በእጃቸው ስለተቀበሉ ማንንም አይፈሩም። ከእኔ ጋር አንድ ክፍል የምትተኛው ነርሷ ጤና ጣቢያ ታገለግላለች፤ ሲበዛ ደግ ናት፣ ሲበዛም ታንኮራፋለች። አስተማሪው ጎልማሶችን ማንበብና መጻፍ ያስተምራል፤ ማዕድ ላይ ጸሎት የሚመራው እሱ ከሆነ ምግቡ ቀዝቃዛ መሆኑን ሁላችንም ቀድመን እናውቃለን። ሾፌሩ ለችግረኛ ቤተሰቦች እህል የምታደርስ አሮጌ መኪና ይነዳል፤ በተዋወቅን በሁለተኛው ቀን «ቃሪያ» የሚል ስም ያወጣልኝ እሱ ነው። እኔ አረጋውያን መጦሪያ ተመደብኩ።

የቀረው አናጢው ነው። የአቅመ ደካሞችን ቤት የሚጠግን ልጅ ነው። ሁለት ቀን ዘግይቶ መጣ፣ የመሣሪያ ሳጥኑን ደረጃው ሥር አስቀመጠ፣ «እንደምን አመሻችሁ» አለ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ወር ያህል ሌላ ነገር መናገሩ ትዝ አይለኝም።

በዚያ ቤት አንድ የቆየ ሥርዓት አለ። ዓመቱ ሲጀምር የአምስቱም ወጣቶች ስም በወረቀት ተጽፎ ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ይገባል። እያንዳንዱ አንድ ስም ያወጣል፤ የደረሰውን ሰው ዓመቱን ሙሉ በስውር ያገለግላል። ማን ለማን እንደደረሰ የሚነገረው በመጨረሻው ቀን ነው። እሑድ እሑድ ማታ ደግሞ እራት ላይ ሁሉም በየተራው በሳምንቱ ስለተደረገለት ነገር የማያውቀውን አገልጋዩን ያመሰግናል። «ምንም አልተደረገልኝም» ማለት ክልክል ነው። «ምንም ያልተደረገለት ሰው የለም፤ ያላየ ሰው ነው ያለው» ይላሉ እትዬ።

አናጢው በደረሰበት ማታ ዕጣው ተዘጋጀ። ጽሕፈትሽ ያምራል ተባልኩና ስሞቹን የምጽፈው እኔ ሆንኩ። ልክ ልጀምር ስል ሾፌሩ ሙቅ ውኃውን ጨርሶ እያፏጨ ከመታጠቢያ ቤት ወጣ። ተራው የእኔ ነበር። እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ አንድ ሁለት ነገር አልኩት፤ እሱም ሦስት አራት መለሰልኝ። በመካከሉ ነርሷ ከላይ ሆና ፎጣ አቀብዪኝ እያለች ትጣራለች። እንዲያ እያልኩ ጽፌ፣ አጣጥፌ፣ ጣሳው ውስጥ ከተትኩ። ለእኔ የደረሰችኝ ነርሷ ናት።

የእኔ አገልጋይ ደግሞ ማን እንደሆነ ባላውቅም ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ሥራውን ያዘ። ምሳችን ዳቦና የተቀቀለ ዕንቁላል ነው፤ ጠዋት ጠዋት እያንዳንዳችን ከድስቱ እያነሳን ምሳ ዕቃችን ውስጥ እንከታለን። እኔ ዕንቁላል መላጥ እጠላለሁ፤ ቅርፊቱ ጥፍሬ ሥር ሲገባ ያንገፈግፈኛል። የእኔ ዕንቁላል ግን ሁልጊዜ ተልጦ፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ምሳ ዕቃዬ ላይ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። የትም እየጣልኩት የምመጣው ጃንጥላዬም ሲዘንብ በሩ እጀታ ላይ ተንጠልጥሎ ይጠብቀኛል።

እሑድ እሑድ ከሁሉም የምታስቀናው ነርሷ ነበረች። «የእኔ አገልጋይ አራት እጅ አለው መሰለኝ» ትላለች። «ጫማዬ ተወልውሎ፣ አልጋዬ ተነጥፎ፣ ጋውኔ ተተኩሶ፣ ሻይ ቀርቦልኝ።» እኔም በልቤ እኮራለሁ፤ ሻዩን እኔ አላቀረብኩም፣ ግን ጨምራ ያወራችው ነው ብዬ አለፍኩት።

የአናጢው ምስጋና ደግሞ ሌላ ነው። ተራው ሲደርስ ትንሽ ያስብና «ማክሰኞ ሳመሽ የደረጃው መብራት በርቶ ጠበቀኝ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይላል። ሌላ ሳምንት «የዳቦው ጠርዝ ደረሰኝ፤ ጠርዙን እወዳለሁ።» ሌላ ሳምንት ደግሞ «መስኮቱን ክፍት የተወልኝ ሰው ይባረክ፤ ጥሩ ንፋስ ገባ።»

«የዚህ ልጅ አገልጋይ ንፋስ ነው እንዴ?» አልኩ እኔ። ጠረጴዛው በሳቅ ተናወጠ፣ አናጢውም ፈገግ አለ። ሰው ሲስቅልኝ ማቆም አላውቅም። በአምስተኛው ወር አንድ እሑድ ለራሴ ተራ ሲደርሰኝ «የእኔስ ከንፋስ በምን ይሻላል? አምስት ወር ሙሉ ዕንቁላልና ጃንጥላ፣ ዕንቁላልና ጃንጥላ። ዕጣው ተቀይሮ ሌላ ሰው ቢደርሰኝ ደስ ይለኛል» አልኩ። ሾፌሩ ጠረጴዛውን እየደበደበ ሳቀ። እትዬ አልሳቁም፤ እኔ ግን ያን ጊዜ እሳቸውን አላየሁም።

በዚያው ሳምንት ረቡዕ የነርሷን ጋውን ልተኩስ ጎህ ሲቀድ ተነስቼ ወደ ልብስ ማጠቢያው ወረድኩ። ላለፉት ሦስት ጊዜያት ስደርስ ተተኩሶ ነው ያገኘሁት፤ አንድ ሰው ጽድቄን እየሰረቀኝ ነው። ዛሬ ቀድሜ ልያዘው ብዬ በሩን ቀስ አድርጌ ገፋሁት። አስተማሪው ካውያ ይዞ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ የነርሷን ጋውን ኮሌታ ይተኩሳል።

«እጅህን ከጋውኑ ላይ አንሳ» አልኩት በሹክሹክታ።

«አንቺ ደግሞ ምን ቤት ነሽ?»

«ነርሷ የእኔ ናት።»

«እንዴት ያንቺ ትሆናለች? የእኔ ናት።»

ስንከራከር ካውያው እዚያው ቆይቶ ጨርቁ መሽተት ጀመረ፤ ሁለታችንም ተሻምተን አነሳነው። ኪሱ ጠርዝ ላይ ያለው ቡናማ ምልክት እስከ ዛሬ አለቀቀም። አስተማሪው ዕጣውን ከመጽሐፍ ቅዱሱ መካከል አወጣ፣ እኔም ከስልኬ ሽፋን ሥር። ሁለቱም ላይ የነርሷ ስም ነው።

«የማን ጽሕፈት ነው?» አለኝ።

«የእኔ» አልኩ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ሾፌሩን እየተሳደብኩ፣ ለነርሷ አቤት እያልኩ፣ ስሟን ሁለቴ ጽፌዋለሁ። አምስት ወረቀት ነበር፤ እሷ ሁለት ጊዜ ካለች አንድ ሰው የለም። ማን እንደሌለ ለማወቅ የሁሉንም ዕጣ ማየት አላስፈለገንም፤ የእሑድ ምስጋናዎችን ማስታወስ በቂ ነበር። ለሾፌሩ መኪናው ይታጠብለታል። ለአስተማሪው ጠመኔና እርሳስ ይቀመጥለታል። ለእኔ ዕንቁላል አለኝ። ለአናጢው የደረጃ መብራት፣ የዳቦ ጠርዝና ንፋስ።

ልጁ አምስት ወር ሙሉ ምንም ሳይደረግለት፣ ምንም የለም ማለት ክልክል ስለሆነ ብቻ፣ በየሳምንቱ የሚያመሰግንበት ነገር ሲፈልግ ኖሯል። እኔ ደግሞ በዚያ ቀልጄበታለሁ። የልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብዬ ማልቀስ ቃጣኝ።

«ለእትዬ እንንገር» አለ አስተማሪው።

«እንዳትሞክረው። አንተ ነርሷን ያዝ፣ እኔ ከዛሬ ጀምሮ አናጢውን እይዛለሁ። ማንም ሳያውቅ ይስተካከላል።»

አስተማሪው ውሸት አይወድም፤ እኔን መቃወም ግን የባሰ አይወድም።

በዚያው ማታ እራት ላይ እትዬ ማንኪያቸውን አስቀመጡና አናጢው ከሚመጣው ሰኞ ጀምሮ ከእኛ ጋር እንደማይሆን ነገሩን። አጎቱ ጋ ሥራ አግኝቷል፤ ሾፌሩ ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አውቶቡስ መናኸሪያ ያደርሰዋል። አናጢው ሳህኑን እያየ «እንግዲህ አትቀየሙኝ» አለ። ይህ ልጅ የሚሄደው በእኔ ምክንያት ነው፤ በዚህ ቤት የሚያስበው ሰው እንደሌለ ቆጥሮ ነው የሚሄደው።

አራት ቀን ነበረኝ። የአምስት ወሩን አገልግሎት በአራት ቀን ልከፍል ተነሳሁ። ሐሙስ የሥራ ጫማውን ጥቁር ቀለም ቀባሁት፤ ጫማው ቡናማ መሆኑን ያስተዋልኩት አንዱን ከጨረስኩ በኋላ ስለሆነ ሁለተኛውንም ቀባሁት። ዓርብ የሱሪው ኪስ ተቀዶ አይቼ ሰፋሁለት። ቅዳሜ ጠዋት መሣሪያ ሳጥኑን ከፍቼ ደህናውን መሮ አወጣሁና ስለቱ ይታደስለት ብዬ በሞረድ ሃያ ደቂቃ ፋቅሁት። መሮ በሞረድ እንደማይሳል እኔ በምን አውቃለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት መጦሪያው ውስጥ ጡረታ የወጡትን ዳኛ ጢም ስላጭ ዝም አልኩ። እኔ ዝም ስል ሰው ይደነግጣል።

«ምን አጥፍተሽ ነው?» አሉኝ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። አገጫቸው ላይ አረፋ እንዳለ ጣሪያውን እያዩ ሰሙኝ።

«መጥሪያ ሳይደርሰው መጥቶ ያመነ ሰው ቅጣቱ ይቀልለታል» አሉ። «ሰውየው ከተሳፈረ በኋላ ብታምኚ ግን ፋይሉ ተዘግቷል ልጄ። በይ ጨርሺኝ፣ ሳሙናው ደረቀ።»

እሑድ ማታ ደረሰ። ነርሷ አመሰገነች፣ ሾፌሩ አመሰገነ። አናጢው ተራው ሲደርስ እንደ ወትሮው ትንሽ አሰበ።

«በዚህ ሳምንት ብዙ ነገር ተደርጎልኛል» አለ። «ጫማዬ ቀለሙን ቀይሯል። የሱሪዬ ኪስ ተሰፍቷል፤ ቀዳዳውም አፉም። አሁን እጄን የማስገባበት ስለሌለኝ በደንብ እሠራለሁ።» ሁሉም ሳቁ። «መሮዬም ተሞርዷል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ይሄኛው አላሳቀውም። «ያደረገውን ሰው እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ተነስቼ ቆምኩ።

«ዕጣውን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «የነርሷን ስም ሁለት ጊዜ ጻፍኩ። ያንተ ስም ጣሳው ውስጥ አልነበረም። ጠልቶህ ወይም ረስቶህ አይደለም ሰው ያላገለገለህ፤ የደረስከው ሰው ስላልነበረ ነው። ረቡዕ አወቅሁና ዝም አልኩ። ጫማውም ኪሱም መሮውም የእኔ ሥራ ነው።»

«ረቡዕ እኔም አውቄያለሁ» አለ አስተማሪው፣ እንደ ተማሪ እጁን አንስቶ።

ነርሷ አንዴ እሱን አንዴ እኔን እያየች «ለካ አራት እጅ የምለው እውነት ኖሯል» አለች።

እትዬ ሳህናቸውን ወደ ጎን ገፋ አደረጉ። «በዚህ ጣሳ አሥራ አንድ ዓመት ዕጣ አወጣሁ» አሉ። «ሰው ጠፍቶብኝ አያውቅም ነበር።» ከዚያ ወደ አናጢው ዞሩ። «ይቅርታ ልጄ። ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ።»

«አውቄው ነበር እትዬ» አለ አናጢው። «በመጀመሪያው ወር መጨረሻ ገባኝ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?» አልኩት፤ መቆጣቴን ራሴም አልጠበቅሁትም።

«ብናገር ዕጣው እንደገና ይውጣ ይባላል።»

«ይውጣ፣ ምን ችግር አለው?»

«የደረሰኝን ሰው መልቀቅ አልፈለግሁም።»

«ማን ደረሰህ?» አለ ሾፌሩ ወንበሩን አስጠግቶ። እትዬ «አይጠየቅም» አሉት። አናጢው የዳቦውን ጠርዝ በጣቱ አሽከረከረ።

«ነገ የምሄድ ሰው ነኝ፤ ብናገር ምን አለበት» አለ። ቀና ብሎ አየኝ። «ከዕንቁላልና ከጃንጥላ ሌላ ስላላሰብኩ ይቅርታ። መደርደሪያ ልሠራልሽ ነበር፤ እንጨት ከነካሁ ግን ማን እንደሆንኩ ታውቂያለሽ ብዬ ተውኩት። ዕንቁላል መላጥ እንደምትጠዪ የሰማሁት የመጣሁ ዕለት ነው።»

ክው አልኩ። ሾፌሩ እንኳን አልቀለደም።

«ሌላ ሰው ቢደርሰኝ ስትዪ ሰማሁ» አለ አናጢው፤ ክፋት በድምፁ ውስጥ አልነበረም። «ልክ ነሽ፣ አንድ ዓይነት ነገር ይሰለቻል። አጎቴ ሲጠራኝ ከርሞ ነበር። እኔ ከሄድኩ ዕጣው እንደገና መውጣቱ አይቀርም፣ የተሻለ ሰው ይደርስሻል ብዬ ነው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ይህን ተረት እናቴ በሳምንት ሦስቴ ትነግረኝ ነበር፤ እኔ ግን የሰው ተረት ይመስለኝ ነበር። አራት ቀን ሙሉ የተጨነቅሁት በወረቀቱ ነው። ልጁ ወረቀቱን አምስት ወር ችሎታል፤ ያልቻለው እኔ ለሳቅ ብዬ የጣልኩትን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ያን ጊዜ ያፈርኩትን ያህል አፍሬ አላውቅም።

«በወረቀቱ ያጠፋሁት በችኮላ ነው» አልኩት። «ይሄኛውን ግን ሰው እንዲስቅልኝ ብዬ ነው። ይቅር በለኝ። በጠዋት ወጥ ቤት ገብቼ ያንን ነጭ ጨርቅ ሳየው ደስ የማይለኝ ቀን አልነበረም፤ አንድም እሑድ እንዲህ ብዬ አልተናገርኩም። እንድትሄድ አልፈልግም። ለዕንቁላሉ ብዬ አይደለም።» ትንፋሼን ሳብኩ። «ለዕንቁላሉም ጭምር ነው።»

እሱ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ፣ ተነሳ፣ ተራው ስለነበር ሳህኖቹን ሰበሰበና ማጠብ ጀመረ። አስተማሪው የመዝጊያውን ጸሎት በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሰው።

ሰኞ ጠዋት ከአሥራ ሁለት በፊት ተነሳሁ። ቢያንስ ለመንገዱ አንድ ዕንቁላል በገዛ እጄ ልጬ ልሸኘው ነው ሐሳቤ። ቅርፊቱ አስኳሉ ድረስ ነጩን ይዞ ተነሳ፤ የቀረው ነገር ዕንቁላል ነው ብሎ ለመማል ይከብዳል። ምሳ ዕቃዬን ዘወር ብዬ ሳይ የእኔው ተልጦ፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ወደ በሩ ሮጥኩ። ትናንት እዚያ የነበረው የአናጢው ቦርሳ የለም። ደረጃው ሥር የነበረው የመሣሪያ ሳጥንም የለም። ጃንጥላዬ እጀታው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ውጭ ያካፋል። ሄደ ማለት ነው።

ዕንቁላሉን እንደያዝኩ ወደ ግቢው ወጣሁ። መኪናዋ እዚያው ቆማለች። ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቶ የፊት መስታወቱን በጨርቅ ይወለውላል።

«ተሳፋሪዬ ጠፋብኝ» አለኝ፣ በአገጩ ወደ ጓሮው መጋዘን እየጠቆመ።

አናጢው በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ሳጥኑ አጠገቡ ተከፍቷል፤ ቦርሳው ከኋላው ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። መሳያ ድንጋዩን በውኃ አርሶ መሮውን ወደፊት ወደኋላ ይገፋዋል፣ ይገፋዋል፣ ከዚያ ወደ ብርሃኑ አንስቶ ያየዋል። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ።

«እንዴት ሆነ?» አልኩት።

«ሞቷል ማለት ይቻላል።»

«አይድንም?»

«ቀስ ተብሎ በየቀኑ ከተሳለ ይድናል።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

አውራ ጣቱን ስለቱ ላይ አሳለፈ፣ አሰበ፣ እንደገና ድንጋዩ ላይ አስቀመጠው።

«ሰባት ወር» አለ።

ዓመቱ ሊያልቅ የቀረው ልክ ሰባት ወር ነው። ዕንቁላሉን ሰጠሁት፤ አንዴ አየውና በላው።